ግልጽ ደብዳቤ፦ ልጃችንን አንልክም፣ እኛው ራሳችን እንማራለን

ይድረስ በከተማችን የጸሐፊዎችን ምዝገባ፣ ስልጠናና የህትመት ድጋፍ ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች
ድሬዳዋ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የአክብሮት ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

የመስሪያ ቤታችሁን ስም እዚህ ያልጻፍነው ፈርተን አይደለም፣ ጠባችን ከአሰራሩ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ስላልሆነ ነው፣ እናንተ ደግሞ ስታነቡት ለእናንተ መሆኑ አይጠፋችሁም። «ስለምታደርጉት ያላሰለሰ ጥረት» የሚለውን የተለመደ መግቢያም ዘለነዋል፣ ምስጋናው ስራው ሲሰራ ይደርሳል።

እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንዷ አባላችን በረንዳ ላይ ተሰብስበን የጻፍነውን የምናነብ ሰዎች ነን። ስም የለንም፣ ማህተም የለንም፣ እናነባለን ቡና እንጠጣለን እንነቃቀፋለን፣ አንዳንዴም እንኳረፋለን። ምድር ባቡር የሰሩ ጋሼ አሉ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እድሜያቸውን የጨረሱ አሉ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ አለች፣ ቀፊራ ገበያ ሱቅ የነበራቸው አሉ፣ እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ሁላችንም ሃምሳን አልፈናል፣ አብዛኞቻችን ስልሳንም ተሰናብተናል። ስንጽፍ በአማርኛ ነው፣ ስናወራ ግን ኦሮምኛው ሱማሊኛው ሀረሪኛው ይደባለቃል፣ ድሬ ነዋ።

ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈን ዘንድሮ ያወጣችሁት ማስታወቂያ ነው። ሁለት ነገር ይላል። ለአመታዊው የጽሁፍ ስብስብና ለህትመት ድጋፍ የሚቀርብ ስራ ከአሁን በኋላ የሚገባው በኦንላይን ፎርም ብቻ ነው፣ በወረቀት አንቀበልም ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ለዚሁ እንዲያግዝ ለጸሐፊዎች የዲጂታል ክህሎት ትሬኒንግ አዘጋጅተናል፣ እድሜ ከ18 እስከ 35 ይላል። እስቲ ሁለቱን አንድ ላይ አንብቡት። ኮምፒውተር የማይችል ሰው ስራውን አናይለትም ብላችኋል፣ ቀጥላችሁ ኮምፒውተር የማይችለውን ሰው ለይታችሁ እሱን አናስተምርም ብላችኋል። አንድ ሰው ነው ሁለቱን የጻፈው? መቼም ሁለቱን ባንድ ቁጭታ ጽፎ፣ ደግሞ አንብቦት፣ ፈርሞበት ነው ብለን ማመን ይከብደናል።

ነርሷ እህታችን ማስታወቂያውን አይታ ለመመዝገብ ሄዳ ነበር። ዴስኩ ላይ ያለው ልጅ መታወቂያዋን አየና በጣም በትህትና «እማማ ልጅዎትን ይላኩ፣ እሱ ተምሮ ያሳይዎታል» አላት። ልጁን አንወቅስም፣ የተነገረውን ነው የተናገረው፣ ወንበርም ስቦ አስቀምጧታል። ግን ልጇ ጅቡቲ ነው ያለው፣ እዚህ ቢሆንም ሹፌር ነው፣ ሲጽፍ ያየው ሰው የለም። ጸሐፊዋ እሷ ናት። ሰው ትምህርትን በውክልና ይማራል እንዴ? ቤት ለመሸጥ ውክልና ይሰጣል፣ መኪና ለማዞር ይሰጣል፣ ሀሳብን ፊደል ላይ ለማስቀመጥ ግን እንዴት ነው የሚሰጠው አቦ።

የ35 ነገር ራሱ ከየት እንደመጣ ማንም አልነገረንም። የወጣት በጀት ነው ሲሉ ሰምተናል፣ ከሆነ እሺ፣ ወጣቱ ይማር፣ የኛም የልጅ ልጆች እዛ ውስጥ አሉ። ግን ማስታወቂያው «ለጸሐፊዎች» ነው የሚለው። ኳስ ቢሆን ይገባናል፣ ጉልበት አለ ሩጫ አለ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ሀገር የሚያውቅላቸውን ትልቁን ልብ ወለዳቸውን በ1958 ሲያሳትሙ ሃምሳ አመት አልፏቸው ነበር፣ በናንተ መስፈርት ቢሆን በሩ ላይ ልጅዎትን ይላኩ ይባሉ ነበር ማለት ነው። የመንግስት ሰራተኛ ጡረታ የሚወጣው በ60 ነው፣ አብዛኛው ሰው እኮ ለመጻፍ ጊዜ የሚያገኘው ከዛ ወዲያ ነው። እኔ ሰላሳ አምስት አመቴ ላይ ደብተር አርም ነበር፣ የሌላ ሰው ደብተር።

እዚህ ጋር አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፣ ምናልባት ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም። በ1971 የመሰረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እናቶችን ሀ ሁ ካስቆጠሩት ልጆች አንዷ ነኝ። ትልልቅ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ቀን ሲሸጡ ሲሸከሙ የዋሉ ሰዎች ደብተር ይዘው ይመጣሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ፣ «አይኔ አላይ አለ» ይላሉ፣ እርሳሱን እንደ መርፌ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ፣ ግን ይጽፋሉ። የዛ ዘመን መንግስት ብዙ የሚወቀስበት ነገር አለው፣ ድሬም የራሷ ቁስል አላት፣ እሱን አናነሳም። ትምህርቱ ላይ ግን ማንም ሰው እድሜህ አልፏል አልተባለም፣ እንደውም ያለፈበት ነበር የሚፈለገው። የመማሪያ መጽሐፉም በአማርኛ ብቻ አልነበረም፣ ኦሮምኛውም ሱማሊኛውም ሌላውም ነበረበት፣ በድምሩ 15 ቋንቋ ደርሷል። በፈረንጆቹ 1980 በዩኔስኮ በኩል ለሀገሪቱ አለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት የተሰጠውም በዚሁ ዘመቻ ነው። እንግዲህ ያኔ በኩራዝና በጠመኔ የተቻለ ነገር ዛሬ አየር ማቀዝቀዣ ባለው አዳራሽና በፕሮጀክተር እንዴት አቃተ?

ወደ ፎርሙ ልግባ፣ ምክንያቱም የተማረውም ሰው እዛ ላይ ነው የሚወድቀው።

ፎርሙ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ካልሆነ አይቀበልም። የአማርኛ ድርሰት ነው የምትሰበስቡት፣ የደራሲው ስም በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ቀይ መስመር ያወጣል። የትውልድ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጠይቀው፣ ከኛ ውስጥ የተወለደበትን ቀን በሀገሩ አቆጣጠር እንኳን በትክክል የሚያውቅ ስንት ሰው ነው፣ «የማርያም ለት፣ ከሚካኤል ወዲህ» ተብሎ የተነገረው ሰው አለ እኮ። አመቱን ለመምረጥ ደግሞ በጣት እየገፉ እየገፉ ወደ ታች መውረድ ነው፣ ባቡር ይመስል። ከዛ ኢሜይል ላይ የማረጋገጫ ኮድ ይላካል፣ ኮዱ መነጽር ሳይገኝ ጊዜው ያልፋል። መሀል ላይ መብራት ከሄደ የሞላኸው ሁሉ ባዶ ሆኖ ይጠብቅሀል። ማስታወቂያው ራሱ የወጣው ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ብቻ ነው፣ ቀፊራ ሱቅ የነበራቸው አባታችን የሰሙት ቀኑ ካለፈ በኋላ በርጫ ላይ ነው።

ይሄ ሁሉ የሚስተካከል ነው። የባሰው የባቡሩ ጋሼ ጉዳይ ነው።

ጋሼ ስለ ባቡሩ ወርክሾፕ የጻፉት አለ። ይቺ ከተማ እኮ በ1895 ባቡሩ ስለደረሰ የተፈጠረች ናት፣ ባቡሩ ሀረር ድረስ ተራራውን መውጣት ከብዶት እዚህ ቆላ ላይ ቀረ፣ ከተማው በዙሪያው በቀለ። እሳቸው የጻፉት ታሪኩን ከላይ ከላይ አይደለም፣ የትኛው ብሎን በየትኛው መፍቻ እንደሚፈታ፣ ፈረንሳይኛ ቀመስ የሆነው የወርክሾፕ ቋንቋ ምን ይመስል እንደነበር፣ ለሊት ፈረቃ ላይ ማን ምን ይዘፍን እንደነበር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተር ቤት ከፍለው አስተይበውታል፣ ፍሎፒ ላይ ነበር፣ በኋላ ሲዲ ላይ አዛወሩት፣ አስቡት ያኔ ስንት ሰው ነው ጽሁፉን በሶፍት ኮፒ ያስቀመጠው። ዘንድሮ የጎረቤት ልጅ ለምነው በፎርማችሁ አስገቡት። መልሱ ምን ሆኖ መጣ፦ «ፋይልዎ ተበላሽቷል፣ ስራዎ ውድቅ ሆኗል።»

ፋይሉ አልተበላሸም። እናንተ ጋ ያለው ባለሙያ ይሄን ማወቅ ነበረበት፣ እኛ እንኳን በረንዳ ላይ ሆነን ደርሰንበታል። ድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ ፓወር ግዕዝ በሉት ቪዥዋል ግዕዝ በሉት ሌሎቹም፣ የግእዝ ፊደሉን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደሎች ቦታ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፣ ፎንቱ ነው አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው። ያ ፎንት የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደሎች ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ከዛም በኋላ እኛ ሰፈር ኮምፒውተር ቤቶች ድረስ እስኪመጣ ብዙ አመት ወስዷል። ስለዚህ ከዛ በፊትና በዛ ሰሞን የተተየበ ጽሁፍ ሁሉ እንደዛ ነው የሚታየው፣ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሳሪያዎች አሉ፣ ያን ያህል ከባድ ስራም አይደለም። አንድ አረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው፦ ጋሼ፣ በየትኛው ፕሮግራም ነው የተጻፈው? የሚል። በየቤቱ ስንት ሲዲና ፍላሽ ላይ ስንት ስራ እንደዚህ «ተበላሽቷል» ተብሎ እንደተጣለ አላህ ይወቀው።

አምና አንድ አባላችን በሰው በሰው፣ በደብዳቤ፣ እድሜው ሳይታይ ትሬኒንጉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጨርቃ ጨርቅ የሰራው፣ ገጣሚው። ስልጠናው ከቀኑ 8 ሰአት ላይ ነው፣ በድሬ ግንቦት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ድሬን የሚያውቅ ሰው በዛ ሰአት ለድመትም ቀጠሮ አይሰጥም። ስላይዱ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ትምህርቱ ስለ «ኮንተንት» ነበር አለን፣ አጭር ቪዲዮ እንዴት ይሰራል፣ ስንት ሰአት ላይ ፖስት ይደረጋል፣ ሀሽታግ ምናምን። የተሰጠው ላፕቶፕ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ አልተጫነም፣ ሲጠይቅ «እሱን ለጊዜው ይተዉት» ተባለ። እስቲ ፍረዱን፣ የጸሐፊ ስልጠና ላይ ፊደሉ ይተዉት ይባላል? ሰርተፊኬቱን ግን ሰጥተውታል፣ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፣ እንግዳ ሲመጣ እየሳቀ ያሳያል።

ካልተማርን ምን እንደሚመጣብንም እንናገር። የማይተይብ ጸሐፊ ስራውን ለኮምፒውተር ቤት ልጅ አሳልፎ ይሰጣል። ቅጂው እዛ ማሽን ላይ ይቀራል፣ ከዛ ፍላሽ ወደ ፍላሽ ይሄዳል። ከመሀላችን የአንዱ ስራ እንዲህ ወጥቶ በፒዲኤፍ ሲዞር አግኝተነዋል፣ ስሙ ከላዩ ተነስቶ። አዋጁ አለ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410፣ ከ1996 ጀምሮ የጸና ነው፣ የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት እድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላም ለወራሾቹ 50 አመት ነው ይላል። ጥሩ። ግን ዋናው ቅጂ መቼ እንደተጻፈ ለማሳየት እኮ ቀን ያለበት ፋይል፣ ለራስህ የላክኸው ኢሜይል፣ ባክአፕ የሚባል መጠባበቂያ ቅጂ ያስፈልጋል፣ ይሄን ያስተማረን ሰው የለም።

አሁን ትንሽ ስለራሳችን እናውራ፣ ምክንያቱም ልመና እንዳይመስላችሁ። ሳትጠሩን ጀምረነዋል። መምህሮቻችን የልጅ ልጆቻችን ናቸው፣ ይወዱናል፣ ትእግስት ግን የላቸውም። ስልኩን ነጥቀው ጠቅ ጠቅ አድርገው «ይኸው!» ይላሉ፣ አየን እንጂ አልተማርን። ቢሆንም እየነጠቅናቸው እየነጠቁን ጥቂት ነገር ይዘናል፣ ያቺ ጥቂት ነገር ጽሁፋችንን ምን እንዳደረገችው ብታዩ 35 የሚለውን ቁጥር ራሳችሁ ታፍሩበት ነበር።

ነርሷ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በበላ ጊዜ ስራ ላይ ነበረች። ስለዛ ለሊት ደብተር ሙሉ ጽፋለች፣ ለአመታት። ጽሁፉ ከጠዋቱ ነው የሚጀምረው፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ቁርስ፣ ወደ ስራ መሄድ፣ ጎርፉ ጋ ለመድረስ ብዙ ገጽ ይፈጃል። እኛ በረንዳው ላይ ስንት ጊዜ ነግረናታል፣ መሀሉን ወደ ፊት አምጪው እያልን፣ እሷ እንቢ። ኋላ ስልኳ ላይ መጻፍ ጀመረች፣ የልጅ ልጇ ቆርጦ መለጠፍ አሳያት፣ ያን ለት ማታ ጽሁፏን ገለበጠችው። አሁን የሚጀምረው ኮሪደሩ ላይ ጭቃ የለበሰ አንድ የህጻን ጫማ ይዞ ከቆመ አባት ነው። ለምን ድሮ እንቢ አልሽ ስንላት፣ አንዱን አንቀጽ ለማንሳት ደብተሩን በሙሉ እንደገና መገልበጥ ነበረብኝ፣ እጄን ያመኛል፣ አለች። ስንት ጽሁፋችን እንደዛ የቀረው ደራሲው ስላመነበት ሳይሆን እጁ ስለደከመ እንደሆነ ያን ለት ነው የገባን።

ገጣሚው ደግሞ ሰነድ ውስጥ ቃል መፈለግ ተማረ። የግጥሞቹን ስብስብ ከፍቶ «ልቤ» ብሎ ጻፈና ፈልግ አለው። የወጣለትን ቁጥር አይነግረንም፣ ፊቱ ግን ይታየን ነበር። «አቦ እኔ ሌላ የሰውነት ክፍል የለኝም እንዴ» ብሎ ስቆ ስቆ ለሳምንታት ግጥሞቹን ሲያጸዳ ከረመ። ያጠፋትን ስንኝ ሲጸጽተው የድሮውን ቅጂ መልሶ ማምጣት እንደሚቻል ሲያውቅማ ደፋር ሆነ፣ የማይነካው የነበረውን ሁሉ ነካው።

የባቡሩ ጋሼ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ኪቦርድ አይሆናቸውም። ጉግል በፈረንጆቹ 2017 አማርኛን በድምጽ መጻፊያው ውስጥ ጨምሮታል፣ እየተናገርክ ስልኩ ይጽፋል። ጋሼ መጀመሪያ ተቆጡት፣ ሰው እንደሚሳሳት ጸሐፊ «ምን አልኩህ፣ ምን ጻፍክ» ይሉታል። ጥርት ያለ አማርኛ ሲያወሩ ይጽፋል፣ የወርክሾፑ ሰው አፍ ላይ ያለውን ኦሮምኛና ሱማሊኛ፣ በዛ ላይ የፈረንሳይኛ ስብርባሪ ሲያስገቡ ግን ያልተባለ ነገር ያመጣል፣ አንዴ የሞተር እቃ ስም የሰርግ ጥሪ አድርጎት ከወንበር እስክንወድቅ ስቀናል። አራት ነጥቡን ራሳቸው በጣታቸው ያስገባሉ፣ የድሬውን ቃል ራሳቸው ያርማሉ። ግን ጽሁፋቸው ተለወጠ። ድሮ «በእለቱ የጥገና ስራው በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል» አይነት ሪፖርት ነበር የሚጽፉት፣ እድሜ ልካቸውን ሪፖርት ነዋ የጻፉት። አሁን በአፋቸው ስለሚናገሩት ሰዎቹ ያወራሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይቀልዳሉ። ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው፣ ዘንድሮ ነው መጻፍ የጀመርኩት ይላሉ፣ እኛም አልተቃወምናቸውም።

እኔ በበኩሌ ሀረር ጁገል ያለች የድሮ የስራ ባልደረባዬ ጋር አንድ ሰነድ በጋራ ከፍተን እንተራረማለን። ድሮ ደብተሬን ይዤ ደንገጎን በሚኒባስ ወጥቼ ነበር የማስነብባት፣ አሁን ማታ እሷ ዳር ላይ አስተያየቷን ትተዋለች፣ ጠዋት ላይ አየዋለሁ። ጨካኝ ናት፣ ፊት ለፊት የማትለኝን እዛ ላይ ትጽፈዋለች። የተሻለ ጽሁፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ ነው፣ አራሚ ሆኜ ኖሬ ታራሚ መሆን።

ኔትወርክ የለም፣ መሰረተ ልማት አልደረሰም የሚባል ነገር ደግሞ እባካችሁ አታምጡብን። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ስራውን ሲሞክር ከሀገሩ ሁሉ መጀመሪያ የመጣው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ ነሐሴ 2014። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ፣ እናቶቻችን ቀፊራ ላይ ቲማቲም በሱ ይሸጣሉ። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂም ሲወጣ አካታች ብልጽግና ብሎ ነው የወጣው። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ነገርም ጥሩ ነው፣ ልጆቻችን ይማሩበታል፣ እኛ ግን ኮድ መጻፍ አላማረንም፣ ጽሁፍ መጻፍ ነው፣ እሱን በአዲሱ እቃ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይሄን ነው።

የ35ቱን ጣሪያ ከጸሐፊዎች ስልጠና ላይ አንሱ። በጀቱ የወጣት ነው፣ አይነካም ካላችሁ ከሃምሳ በላይ ላለነው ለብቻው ክፍል ክፈቱ። ጠዋት ከ1 ሰአት እስከ 4 ሰአት፣ ምድር ቤት፣ ጥቂት ጥቂት ሰው እየሆነ፣ በአማርኛ፣ ለሚፈልግ በኦሮምኛና በሱማሊኛ። አሰልጣኙ ስልኩን ከእጃችን የማይነጥቅ ይሁን።

ትምህርቱ ከሀሽታግ በፊት ከፊደል ይጀምር። የግእዝ ኪቦርድ ስልክም ኮምፒውተርም ላይ መጫን፣ ማረም፣ ማዛወር፣ መፈለግ፣ ባክአፕ ማድረግ፣ በጋራ ሰነድ መስራት፣ በድምጽ መጻፍ፣ ፒዲኤፍ ማውጣት፣ የቅጂ መብትን ማስጠበቅ። ቪዲዮውን በመጨረሻ፣ ጊዜ ከተረፈ።

የድሮ ፎንት ያለባቸውን ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር አንድ ባለሙያና አንድ ኮምፒውተር መድቡ። በቅድሚያ የባቡሩን ጋሼ ስራ «ውድቅ» ከተባለበት አንሱትና በዘንድሮው ስብስብ ውስጥ እንደማንኛውም ስራ ይታይ። አይመረጥ ይሆናል፣ ተነቦ አይመረጥ።

ስልጠናው ሁሉንም ሰው እስኪያዳርስ ቢያንስ ለሁለት አመት በወረቀት የሚመጣ ስራ ተቀበሉ፣ ስካን የምታደርግ አንዲት ልጅ በቂ ናት። ፎርሙ ስም በግእዝ ፊደል፣ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀበል፣ የኮዱ ጊዜ ይርዘም። ማስታወቂያው ከቴሌግራም ሌላ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ በከተማው ኤፍኤምም ይነገር።

መልሳችሁን በጽሁፍ፣ ከግቢያችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንጠብቃለን። ለማነጋገር ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ጠዋት ከዚራ ኑ፣ ቡና አለ፣ ወይም ጥሩንና እኛ እንምጣ፣ ምድር ቤት ከሆነ።

ከአክብሮት ጋር

ጡረታ የወጣች የአማርኛ መምህርት
በከዚራ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት ከሃምሳ አመት በላይ የሆኑ ጸሐፊዎች ተጠሪ
ድሬዳዋ

ግልባጭ፦
በየሰፈሩ ደብተሩን አልጋ ስር ላስቀመጠ ሁሉ